ሻምበል ወደ አዲሎ ከመሄዱ በፊት

ሆሳዕና፣ ማክሰኞ ከሰዓት

ውድ ከድጃ፣

እንዴት ነሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ከርሜ ዛሬ እንዴት ነሽ ማለት ያሳፍራል። ስለዚህ በውሻው ልጀምር። ሻምበል ደህና ነው። ወፍሯል፣ ስንፍናው ብሶበታል፣ ርችት ሲተኮስ አሁንም አልጋዬ ስር ይገባል። ለፈሪ ውሻ ሻምበል ብዬ ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ምን ያድርግ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንገቴ ላይ ያለችው እንቅርት፣ አንቺ "በሻርፕ መሸፈኑን ተዪና ታከሚ" እያልሽ ትጨቀጭቂኝባት የነበረችው፣ አድጋ ትንፋሽ ከልክላኛለች። የዛሬ ሁለት ሳምንት ሐዋሳ ኦፕራሲዮን ልሆን ነው። ሐኪሙ ቀላል ነው ይላል። ለሱማ ምን አለበት፣ የሚቆረጠው የኔ አንገት! ለሰው ሁሉ "ምንም አይደል፣ ጌታ አለ" እያልኩ ነው። ላንቺ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈርቻለሁ።

ታዲያ ሻምበልን ማን ጋ ልተወው? ስድስት ዓመቱ ነው፣ ከኔ ግቢ ሌላ አድሮ አያውቅም። ከግብርና ቢሮ ጡረታ የወጣው የከብት ሐኪም ዕንባቆም አሁን ሰው መንገድ ሲሄድ ውሻ ግቢው ይቀበላል። ሄጄ ነገርኩት። "ድንገት አምጥተሽ ብትጥዪው ይታመማል፣ ቀስ በቀስ እናለማምደው" አለኝ። መጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት፣ በማግስቱ ግማሽ ቀን፣ ከዚያ ከጠዋት እስከ ማታ። ጠረንሽ ያለበት ልብስ አምጪ ሲለኝ አሮጌ ቀሚሴን ቀድጄ ምንጣፍ ሰፋሁለት። ሠላሳ ዓመት ስሰፋ እንደዚህ ተጠንቅቄ የሰፋሁት የሙሽራ ልብስ የለም። አትሳቂ።

ሻምበል ግን ጠዋት እንደደረሰ የዕንባቆም አጥር ስር ሄዶ ቁጭ ይላል። ምግብ ቢቀርብለት ዘወር ብሎም አያይም። በሦስተኛው ቀን ዕንባቆም ጠራኝ።

"ጠዋት የሚያበላው ማን ነው?"

"ማንም። እኔ ማታ ነው የማበላው።"

"አይ ትርፊት። ይሄ ውሻ ጠዋት ጠዋት አጥር ጋ የሚያበላው ሰው ነበረው።"

ሽምጥጥ አድርጌ ካድኩ፣ እንዲያውም ተቆጣሁት። ቤቴ ስገባ ግን ትዝ አለኝ። በየማለዳው በኔና ባንቺ መሃል ያለው አጥር ስር የሚቀመጠው ግቢ ሲጠብቅ ይመስለኝ ነበር።

ገበያ ወርጄ ልጅሽ ሚስራ ሱቅ ገባሁ። ክር የምገዛ መስዬ ጠየቅኳት። "እማዬ ነበረቻ!" አለችኝ፣ ጨርቅ የምትለካበትን ሜትር ከእጇ ሳታስቀምጥ። "ሱብሂ ሰግዳ ስትጨርስ በአጥሩ ቀዳዳ ይመጣል። ለሱ ለብቻው ጣሳ ነበራት።"

"ሶላቷስ? ውሻ አይደለም እንዴ?"

"ታዲያ? ከላሳት ሰባት ጊዜ ትታጠባለች፣ አንዱን በአፈር። ውሃም ሞልቷል፣ አፈርም ሞልቷል።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እትዬ፣ ቀዳዳውን በቆርቆሮ የዘጋሽው ቀን እማዬ ጣሳውን ይዛ ከወዲያ ቆማ ነበር። ሚስማሩ ተመትቶ እስኪያልቅ ቆመች።"

ክሩን ሳልይዝ ወጣሁ።

ስለዚያ ቆርቆሮ ልንገርሽ፣ ከድጃ። ሱልጣን ሞቶ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። ኢዳ ላይ ነሽ፤ ለባልሽ አራት ወር ከአስር ቀን ከቤት አትወጪም። ሼኾቹ ለዱአ ይመጣሉ፣ በረንዳው ላይ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ የኔ ውሻ ደግሞ በቀዳዳው ሹልክ ይላል። እኔና አንቺ አሥራ ስምንት ዓመት የተመላለስንበት ቀዳዳ። የሙስሊም ቤት ነው፣ የሐዘን ቤት ነው፣ በሰው ፊት ላሳፍራት አይገባም አልኩ። ማንንም ሳልጠይቅ፣ አንቺን እንኳ ሳልጠይቅ፣ መዶሻ አንስቼ በገዛ እጄ ቆርቆሮ መታሁበት። ስጨርስ ደግሞ ጥሩ ጎረቤት የሆንኩ መስሎኝ እጄን አራግፌ ገባሁ። ቂል!

ከቤት መውጣት ለማትችዪው ላንቺ በማለዳ የሚመጣልሽን አንድ ነፍስ ከለከልኩሽ። እኔም ቀረሁ። በዋናው በር ዞሬ ሁለት ጊዜ መጣሁ፤ እንደ ሩቅ እንግዳ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሄድኩ።

ለሚስራ ያልነገርኳትም አለ። ላንቺ ክብር ብዬ ብቻ አይደለም የዘጋሁት። ለቅሶሽ በአጥሩ በኩል ይሰማኝ ነበር፣ ምን እንደምልሽ ጠፋኝ። የኔ ምላስ ለጠብ እንጂ ለማጽናናት አይፈታም፣ ታውቂያለሽ። ቆርቆሮው ሲዘጋ ቅልል አለኝ። ይሄን ስጽፍ እያፈርኩ ነው። ኢዳሽን ጨርሰሽ ወንድ ልጅሽ ጋ አዲሎ ስትሄጂ በር ላይ "ደህና ሁኚ" ብቻ ብለሽኝ ስትወጪ ደግሞ ተቀየምኩሽ። ተቀያሚዋ እኔ!

ሰሞኑን በዕንባቆም ስልክ ሦስቴ ደወልኩ። "ሄሎ" ስትዪ እዘጋዋለሁ። "ማነው ይሄ ባለጌ?" ያልሽው እኔን ነው።

ይህችን ወረቀት ሚስራ ነገ በሚወርድ መኪና ትልክልሻለች። ሐሙስ ባሏ ፉአድ በአይሱዙው እኔንና ሻምበልን ይዞን ይመጣል። ለልምምድ ውለን እንመለሳለን። ዕንባቆም ጋ አልለምድ ብሏልና፣ እሺ ካልሽ በሚቀጥለው ሳምንት አንቺ ጋ ያድራል፣ ከዚያ እስክድን ይቆያል። እምቢ ካልሽም መብትሽ ነው፤ ብቻ በሰው አትላኪብኝ፣ ፊት ለፊት ንገሪኝ። ስለ አበላሉ ልጽፍልሽ ጀምሬ ተውኩት። ካንቺ በላይ አላውቀውም።

አንድ ነገር ቀረ። ሆስፒታሉ ለምርመራ የሄድኩ ቀን ነርሷ ቅጽ ስትሞላ "ስትወጪ ማን ይቀበልሻል? ማንስ ያስታምምሻል?" አለችኝ። ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ከሐዋሳ አዲሎ ይቀርባል ብዬ አሰብኩ። ውሸቴን ነው፣ ስለ መንገዱ አላሰብኩም። ያንቺን ስም ሰጠኋት።

"ምንሽ ናት?"

"እህቴ።"

የኔን ስም ከነአባቴ አየች፣ ያንቺን ከነአባትሽ አየች፣ ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየች። "ምን ታዪኛለሽ፣ ጻፊ!" አልኳት። ጻፈች።

ከድጃዬ፣ ሳላስፈቅድሽ ነው። ውሻውን ስትቀበዪ እኔንም ተቀበዪኝ። ውሸታም እንዳታደርጊኝ።

ትርፊት