ሠላሳ አምስቱ ወይስ ሃምሳው?

ፋሲል፣

አባቴ ጋ ሮቤ ሄጃለሁ። ተኝተህ ስለነበር አልቀሰቀስኩህም።
ውሃ ከመጣ በርሜሉን ሙላ።

የምረቃዬ ፊልም አዲስ አበባ ታጥቦ መጥቷል፤ ጠረጴዛው ላይ ነው። እንኳን ደስ አለህ! የፒያሳው ሰውዬ ለሙከራ ከሰጠህ ሁለት ሌንሶች ‘ሠላሳ አምስት ሚሊሜትሩን ልግዛ ወይስ ሃምሳውን?’ እያልክ ስንት ጊዜ እንቅልፍ ነስተኸኛል። ይኸው መልሱ ተገኘ፤ ሁለቱም እኩል ናቸው። ፊልሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ባዶ ነው።

የሰው ዕቃ ነው፣ እንዳይጫር ብለህ የከደንካቸውን ክዳኖች አላነሳሃቸውም። ካሜራህ ደግሞ የምታይበት ቀዳዳ ከሌንሱ የተለየ ስለሆነ፣ ሌንሱ ቢከደንም ላንተ ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ይታይሃል አሉ። ሐይቅ ዳር አባቴን ፀሐይ ላይ አቁመህ፣ ሌንስ እየቀያየርክ ‘አባባ፣ ትንሽ ፈገግ ይበሉ’ ስትል፣ እሱም እሺ ብሎ ፈገግ ሲል፣ ቁልጭ ብሎ ታይቶሃል ማለት ነው። ደስ ይላል።

‘ቶሎ በል’ እያልኩ ያዋከብኩህ እኔ ነኝ፣ ግን...
እሱን ተወው።

አባቴ ‘ፎቶውን ይዘህልኝ ና’ ብሎኛል። አንዱን ክዳን ወስጄዋለሁ። የዚያን ቀን አባቴን ፊት ለፊት ያየው እሱ ነው።

አብዲ