የዘንገናው ቴሌስኮፕ ዝንባሌ ሲለካ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14 ቀን 1975

ኃላፊነቱን ለእኔ ሰጡኝ። እስካሁን አላመንኩም።

ከዘንገና በላይ ባለው ኮረብታ የጣቢያችን ቴሌስኮፕ የቆመበት ምሰሶ፣ ክረምቱ መሬቱን አርሶት ዘንበል ብሏል። ምን ያህል እንደሆነ ካልታወቀ ከዋክብት አይተን የምንመዘግበው ሁሉ ስህተት ነው። ለመለካት የቴሌስኮፑን ከባድ የብረት ቱቦ በገመድ ወደ አራቱም አቅጣጫ ማዞር፣ በየአቅጣጫውም ውኃ ልክ ማንበብ ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ የመጣው መሐንዲስ ታደሰ ያነባል። ገመድ ሳቢዎቹን የማስተባብረው፣ ሰው እንዳይጎዳ የምጠብቀው ግን እኔ ነኝ። እኔ፣ የእንጅባራዋ ትርንጎ።

አንድ ጭንቀት አለኝ። ገበሬ ማኅበሩ ገመድ እንዲስቡ ከላካቸው ሰዎች አንዱ አባቴ ናቸው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 15

ልምምድ። «ሳቡ» የምለው እኔ ብቻ ነኝ። «ቁም» ግን ማንም ይበል፣ በአማርኛም በአገውኛም፤ ያኔ ሁሉም ገመዱን እንደያዘ ይቆማል። በአገውኛ ደግሜ አስረዳኋቸው።

አባቴ «እንግዲህ ባንቺ ቃል ልቆም ነው?» አሉ። ሰዎቹ ሳቁ።

«እዚህ ላይ አዎ፣ አባዬ» አልኳቸው። እንዲህ ማለቴ ቀኑን ሙሉ ከነከነኝ።

ማንም ማስቆም መቻሉን ታደሰም አልወደደውም። ቅዳሜ የአውራጃው ጓዶች ይጎበኙናል፤ ከዚያ በፊት እንዲያልቅ ቸኩሏል።

ሐሙስ

ኪዳነ ምሕረት ስለሆነች ገበሬዎቹ አልመጡም። ታደሰ አኮረፈ። እኔ ገመዶቹን ፈተሽኩ፤ አንዱ ተበልቶ ስላገኘሁት አስቀየርኩ። አዝመራውም አልተሰበሰበም፤ ነገ ይቀሩ ይሆን?

ዓርብ

ሁሉም መጡ።

ሦስቱ አቅጣጫ በሰላም አለቀ። በመጨረሻው ላይ ቱቦውን ከሥር ደግፎ የያዘው ሽብልቅ ተንሸራተተና ጎረቤታችን ጋሼ ፈንቴ ሊመልሱት እጃቸውን ሰደዱ። «ቁም» አልኩ። ታደሰ መሰላሉ ላይ ሆኖ «ሳቡ፣ ትንሽ ነው የቀረው» አለ። ከእሱ በኩል እጃቸው አይታይም።

ሰዎቹ ወደ እሱ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ። አባቴ እግራቸውን ተክለው «ልጅቱ ቁም ብላለች» አሉ በአገውኛ። ገመዱ ንቅንቅ አላለም።

ታደሰ ተቆጥቶ ወረደ። «ማነው ያስቆመው?»

«እኔ ነኝ» አልኩና የጋሼ ፈንቴን እጅ አሳየሁት። ፊቱ ተለወጠ። እጃቸውን እስኪያወጡ ጠብቆ «በይ፣ አንቺ ስትይ እንቀጥላለን» አለኝ።

ጨረስን። ዝንባሌው በብሎን የሚቃና ነው። ጋሼ ፈንቴ ጣታቸውን እያፍታቱ ወደ አጨዳቸው ሄዱ።

ስንለያይ ታደሰ «ነገ ለጓዶቹ አንቺ ታስረጃለሽ» አለኝ። ባለሥልጣን ፊት ተናግሬ አላውቅም።

ቤት ስገባ አባቴ ጋቢያቸውን አሳጥበው አጥር ላይ አስጥተውታል።

«ነገ የሚሳብ ገመድ የለም አሉ» አሉኝ ዓይናቸውን ጋቢው ላይ አድርገው። «ቢሆንም ልምጣ?»

«ይምጡ» አልኳቸው።