ከወገብ በላይ የቀረው ፎቶ

ለማከብርዎት እህቴ ለእትዬ አስካል፣

እንደምን ከረሙልኝ? ጉልበትዎስ? ያ የቀኝ ትከሻዎ ብርድ ሲሆን አሁንም ይጠዘጥዝዎታል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ብዬ ጻፍኩት እንጂ ይህን ደብዳቤ ስጀምረው ይኸው አራተኛዬ ነው።

ልጅዎ ፋና ስትደውል፣ የቴኒስ ሰዎች የጥንት ተጫዋቾችን ሊያመሰግኑ ቤት ድረስ እንደሚመጡ ነገረችኝ። እርስዎም ስልኩን ተቀብለው፣ ዋንጫ ይዘው የተነሡትን ፎቶ ላኪልኝ አሉኝ። «ስለምትወደኝ ይዛው ሄደች ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ» አሉ። እልካለሁ አልኩ።

እትዬ፣ ፎቶው ሙሉ አይደለም።

ሽማግሌዎቹ እኔን ሊጠይቁ የመጡ ዕለት ጠዋት ነው። እርስዎ ገበያ ወጥተዋል። ግድግዳው ላይ አየሁት። አጭር ነጭ ቀሚስ፣ እስከ ጭን የተራቆተ እግር። የእጮኛዬ የስምዖን ዘመዶች ምን ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ከወገብ በታች በመቀስ ቆረጥኩና ከሰሉ ላይ ጣልኩት። ዋንጫውን ዝቅ አድርገው ይዘውት ኖሯል፤ አብሮ ነደደ። ያስተዋልኩት ከነደደ በኋላ ነው። የቀረውን ሻንጣዬ ውስጥ ደበቅሁ። እርስዎ ሲጠይቁኝ ለማስታወሻ ወስጄዋለሁ አልኩ፤ ደስ አለዎት።

ለስምዖንም አስቀድሜ እህቴ የቴኒስ ክለቡ ጸሐፊ ነበረች ብዬው ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አቶ ተክለሃይማኖት ያንኑ ሲያነሡ፣ ጓዳ በር ላይ ቆሜ ነበር። እርስዎ አዩኝ። «አዎ፣ ጸሐፊ ነበርኩ» አሉ።

አምስት ዋንጫ ያሸነፉ ሰው። እናታችን ስትሞት የሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ራኬትዎን ሰቅለው እኔን አዘሉ። አንድ ቀን እንኳ አንቺ ባትኖሪ ብለውኝ አያውቁም።

እዚህ ዊትኒ፣ ከምኖርበት ግቢ ጀርባ የቴኒስ ሜዳ አለ። ከሥራ ሺፍት ስመለስ አሮጊቶች በአጭር ቀሚስ ይጫወታሉ። ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። እኔ ብቻ መንገድ እቀይራለሁ። ልጄ ሳምራዊት የቀረውን ፎቶ ሳሳያት «ማሚ፣ ይሄ እኮ የአይዲ ፎቶ ነው የሚመስለው» አለችኝ።

በዚህ ፖስታ ልኬዋለሁ። ግንባርዎ ላይ ያለው ላብ ይታያል። ሰዎቹ ዋንጫው የታለ ካሉ፣ በመንገድ ተቀደደ አይበሉልኝ። እህቴ አፍራብኝ ቆረጠችው ይበሉ። ለእኔ ብለው ዳግመኛ እንዳይዋሹ።

ለፋና፣ ለባሏ ለየሺዋስ፣ ለልጃቸው ለሐዲስ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ደብዳቤውን የምታነብልዎ ፋና ናት፤ ሁሉም በተሰበሰቡበት፣ አንድም መስመር ሳትዘል ታንብበው።

ታናሽ እህትዎ ጽጌወይን
ላስ ቬጋስ፣ ዊትኒ
ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.