ከእኛ ቤት የወረደው አረንጓዴ ውሃ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል እታለም? ወገብሽስ እንዴት ነው፣ ጎንበስ ቀና ማለቱን ቻለልሽ? አባባስ ዓይናቸው እንዴት ሆነ? እናታችንን ያ ክፉ ጉንፋን ለቀቃት? ባለቤትሽ ከመንገድ ሥራው ተመለሰ? መንትዮቹስ አሁንም በአንድ ጫማ ይጣላሉ? እናንተ ደህና ከሆናችሁ የእኔ ሕመም በግማሽ ይቀልልኛል። ሌላውን ግማሽ ለመናገር ነው ዛሬ ወረቀት ያነሣሁት። ገላዬ ጤነኛ ነው፣ እህልም ይበላልኛል፤ ልቤ ግን አልረጋ ብሎኛል። ይህን ደብዳቤ እንኳ የጀመርኩት ሦስት ጊዜ ተነሥቼ እስከ መስኮቱ ከተመላለስኩ በኋላ ነው። የምጽፍልሽ ከመሥሪያ ቤቴ፣ ከላቦራቶሪው ጠረጴዛ ላይ ነው። አጠገቤ ባለው የማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ትናንት የቀዳሁት ውሃ ተቀምጧል። ውጤቱ የሚታወቀው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እስከዚያ እጄን ሥራ ላስይዘው ብዬ ነው።

ሙቀቱ ሳይገባ በፊት ማዘጋጃ ቤቱ በከተማው መሐል የሚያልፈውን ጅረት መርምሩልኝ አለን። ሰው ይዋኝበታል ወይ? ዓሣስ ይኖርበታል ወይ? ጥያቄው ይኸው ነበር። ከድልድዩ በታች ጅረቱ ይታጠፍና ሰፋ ብሎ ይተኛል። እዚያ ደረጃ ተሠርቶ፣ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ፣ መዋኛው የሚከፈትበት ቀንም ተቆርጦ ነበር። የቀረው የእኛ ፊርማ ነው። አለቃዬ ጠይም ናቸው፤ ነገር ግን ቀይ እስክሪብቶ ከእጃቸው ስለማይለይ "ቀዩ" ነው የምንላቸው። ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ።

የዓሣው በኩል ደስ የሚል ሥራ ነበር። ቦት ጫማዬን አጥልቄ ድንጋይ ስገለብጥ እውላለሁ። ከድንጋይ ሥር የሚኖሩ፣ ጅራታቸው ሦስት ክር የመሰለ ደቃቅ ነፍሳት አሉ፤ ውሃው ከቆሸሸባቸው ውልቅ ብለው ይጠፋሉ። እነሱ ሞልተዋል። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ኦክስጅኑም አይጎድልም። ለሰው መሆን አለመሆኑ ግን በዓይን አይታይም። ውሃውን በጠርሙስ ትቀጂና በስስ ማጥለያ አሳልፈሽ አንድ ቀን ሙቀት ውስጥ ታቆዪዋለሽ። ከሰው ሆድ የወጣ ቆሻሻ ካለበት ማጥለያው ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ይወጣል። ከድልድዩ በላይ የቀዳሁት ላይ እዚህም እዚያም አንድ ሁለት ነበር። የመታጠፊያው ግን ኩፍኝ የወጣበት ሕፃን መስሎ ጠበቀኝ። ለዓሣ ይሆናል፣ ለሰው አይሆንም ብዬ ስነግራቸው ቀዩ ሳቅ አሉና "ዓሣ ሽንት ቤት የለውም፤ ሂጂና የሰው ቤት ፈልጊ" አሉኝ።

ሦስት ቀን እግሬ እስኪቀጥን ዳር ለዳር ሄድኩ። በየሃምሳ እርምጃው አንድ ጠርሙስ እቀዳለሁ። ነጠብጣቡ የሚጀምረው ቁጥቋጦ ከሸፈነው አንድ የሸክላ ቱቦ በታች ሆኖ አገኘሁት። ካርታው የዝናብ ውሃ ማስወገጃ ነው ይላል፤ ዝናብ በሌለበት ግን ይንጠባጠባል። ከቱቦው በላይ ያሉት ቤቶች ሰባት ናቸው። ከሰባቱ አንዱ የእኛ ነው።

ስለ አከራዬ ጽፌልሽ አውቃለሁ፤ እማማ የምላቸው፣ ዓምና የታመምኩ ጊዜ ሦስት ቀን ከአልጋዬ አጠገብ ያልተነሡት። ጠዋት ጠዋት ለጉልበቴ ይበጀኛል እያሉ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እዚያው መታጠፊያው ውሃ ውስጥ ይቆማሉ። ቤቱን የሠሩት ሟቹ ባለቤታቸው በገዛ እጃቸው ነው። ግድግዳውም ደረጃውም ቧንቧውም የእሳቸው ነው። እማማ እንግዳ በመጣ ቁጥር "ይህን ደጅ አንድም ባለሙያ አልረገጠውም" ይላሉ፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው።

የማን ቤት እንደሆነ የሚለየው በማቅለሚያ ነው። ከእኛ የጀመርኩት ቤታችንን ቶሎ ከጥርጣሬ ላወጣው ብዬ ነበር። አረንጓዴውን ዱቄት ሽንት ቤቱ ውስጥ ጨምሬ፣ ውሃ ለቀቅሁበትና ቁልቁል ሮጥኩ። ቱቦው አፍ ስደርስ ምንም የለም። እፎይ አልኩ፤ የሚቀጥለው የጎረቤት ቤት እንደሚሆን ሁሉ አሰብኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እንደ ክር የቀጠነ አረንጓዴ ነገር ብቅ አለ። ከዚያ ወፈረ፤ ከዚያ ጅረቱን ይዞት ወረደ። እዚያው ጭቃው ላይ ዘጭ አልኩ። ለካ አራት ዓመት ሙሉ የእኔም ቆሻሻ ነው የሚወርደው እታለም፤ ጠርሙስ ይዤ ሌላ ሰው ሳሳድድ የነበርኩት እኔ።

የማፍርበት ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ቀኑ ዓርብ ነበር። ቅጹን ሞልቼ መስጠት ሲገባኝ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሰኞ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ለእማማ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ፣ የቤታቸው ገመና አደባባይ ከመውጣቱ በፊት ከእኔ ይስሙት አልኩ። ቅዳሜ ፀሐዩ አናት የሚበሳ ሆነ። የመዋኛው መክፈቻ ገና ቢሆንም ሰው ፎጣውን እየተሸከመ ሲወርድ ከመስኮቴ አየሁ። መጋረጃውን ዘጋሁ። ሰኞ ጠዋት ዳቦ ቤት ስገባ ሻጯ ዓይኗ ደም መስሏል። ልጇ ከትናንት ጀምሮ ሆዷ አልያዘላትም፣ ሆስፒታል ተኝታለች። ዋኝታ ነበር ወይ አልኳት። "ከጓደኞቿ ጋር ቅዳሜ ወርዳ ነበር፤ ምነው?" አለችኝ። ከውሃው ይሁን ከሌላ እስካሁን በእርግጥ የሚያውቅ የለም። እኔ ግን ዳቦውን ሳልቀበል ወጣሁ።

በቀጥታ ቀዩ ቢሮ ገብቼ ቅጹን ፊታቸው አኖርኩት። ቀኑን አዩና "ይህማ ዓርብ የተሞላ ነው" አሉ። አዎ አልኩ። የማን ቤት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ የእኔ አልኳቸው። ቀዩን እስክሪብቶ ከፈቱ፣ መልሰው ከደኑ። "መጀመሪያ ሰሌዳውን እንትከል፤ አንቺን ኋላ እደርስብሻለሁ" አሉ። መዋኘት ክልክል ነው የሚለውን ሰሌዳ የተከልነው ሁለታችን ነን፤ እሳቸው ይዘውልኝ እኔ መታሁት። ኋላም ደረሱብኝ፤ ማስጠንቀቂያው ፋይሌ ውስጥ ገብቷል፣ ይገባኛልም።

ማታውን ለእማማ ስነግራቸው ልብስ እያጠፉ ነበር። "ባለቤቴ እንዲህ አያደርግም" ብለው ማጠፋቸውን ቀጠሉ። አራት ቀን ሙሉ በር ላይ ስንገናኝ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ዕቃዬን ሸክፌ ልውጣ ወይ እስከማለት ደርሼ ነበር። በአምስተኛው ቀን ቧንቧ ሠራተኛው ጓሮውን ሲቆፍር ወንበር ይዘው ወጡና ከጉድጓዱ አፋፍ ተቀመጡ። ሁለት ቱቦ ጎን ለጎን ተገኘ፤ አንዱ የከተማው ፍሳሽ፣ አንዱ የዝናቡ። የእኛ የገባው ከዝናቡ ነው። ሠራተኛው ሊያጽናናቸው ፈልጎ "መልካቸው አንድ ነው፣ ማንም ይሳሳታል" አላቸው። እማማ ግን "ቢጠይቅ ኖሮ አይሳሳትም ነበር። መጠየቅ አይወድም፤ እኔም ኩራት ይመስለኝ ነበር" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው "አንቺስ ዓርብ ዕለት ምነው ዝም አልሽኝ? እኔ ቅዳሜም እሑድም ውሃው ውስጥ ነበርኩ" አሉኝ። ወዲያው አካፋውን ለሠራተኛው ላቀብለው ብለው ተነሡ። ቱቧችንም በዚያው ቀን ወደ ከተማው ፍሳሽ ተዛወረ።

ሰዓቱ ደርሶ ሣጥኑን ከፍቼ ተመለስኩ። ዘጠኝ ነጠብጣብ ነው ያለው። ፊተኛውን ቆጥሬ መጨረስ አልቻልኩም ነበር። ቀዩ ራሳቸው መነጽር አድርገው ደገሙትና "አንድ ምስክር አይበቃም፤ አምስት ጊዜ ንጹሕ ካልሆነ ሰሌዳው አይነቀልም" አሉ። የዳቦ ቤቷ ልጅም ድና ቤቷ ገብታለች። ለእናቲቱ ዓርብ ዕለት አውቄ እንደነበር ነገርኳት። ዳቦዬን ጠቅልላ ሰጠችኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላም ስላት ራሷን ብቻ ትነቀንቅልኛለች።

ልቤ ያልረጋው ግን በዚህ ብቻ አይደለም። የሰው ጓሮ ሲቆፈር ሳይ የእኛው ጓሮ መጣብኝ። የጉድጓዳችን ውሃ እንደ መስታወት ጥርት ያለ ነው እያልን አድገናል፤ ጥርት ማለቱ ምንም እንደማያስረዳ አሁን አውቃለሁ። አባባ ሽንት ቤቱን ወደ ጉድጓዱ ያስጠጉት እናታችን በዝናብ እንዳትንገላታ ብለው ነው። እባክሽ፣ ከአንዱ እስከ ሌላው ያለውን በእርምጃ ለኪልኝ። ከአርባ ካነሰ መላ እስክናበጅለት ድረስ ሳይፈላ አንድም ሰው እንዳይጠጣ።

እናታችንን ጉንጯን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ባለቤትሽን እጅ ነሥታለች በይልኝ። ለመንትዮቹ ጫማ እልካለሁ፣ ሁለት ጥንድ፤ እስከዚያ እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ ብላለች በያቸው። አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ነገሩን ስትነግሪያቸው ሰው ፊት አይሁን፣ ድምፅሽም ዝግ ይበል፤ ግን አታሳድሪው።

ታናሽ እህትሽ

ከላቦራቶሪው መስኮት ሥር
ሐሙስ፣ ግንቦት 22 ቀን