የእትዬ ሌንቼ ወሬና የመጋዘኑ ድምር

ለውዷ እህቴ ለፊዳንካ፣ ቫያዶሊድ፤

ጤናሽ እንዴት ሰንብቷል? የወገብሽ ሕመምስ ተሻለሽ? ሲሜዮንና ልጆቻችሁስ ደኅና ናቸው? ከስፔን ሙቀት ጋር ታረቃችሁ ወይስ አሁንም እንደተኳረፋችሁ ነው? እኛ ደኅና ነን። እማዬም ደኅና ናት፤ እኔን መቆጣት አልተወችምና ጤንነቷን በዚያ ዕወቂው። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ። ፊደል የምታስተምረን የማታ ትምህርት አስተማሪያችን በዘንድሮ ተማሪዎቿ ውስጥ እንደኔ ቶሎ የገባው ሰው የለም ብላለች። እርግጥ ሌላው ተማሪ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ናቸው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። በር ላይ የምሠራበትን የገበሬ ማኅበራችንን ማቀዝቀዣ መጋዘን ታውቂዋለሽ። ቼሪ ፀሐይ ላይ ከቆመ ስለሚልፈሰፈስ ገበሬው ሁሉ በር ላይ ደርሶ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ቦታ አለ ወይ?" ብሎ ነው። ኮምፒውተሩ ታዲያ በተጠየቀ ቁጥር ከወቅቱ መጀመሪያ አንሥቶ የገባውንና የወጣውን ሳጥን አንድ በአንድ እንደ አዲስ ይቆጥር ነበር። ምዝገባው እየበዛ ሲሄድ መልሱ ዘገየ፣ ሰልፉም እስከ ድልድዩ ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ ጋሽ ስታመን ተቆጥተው "እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከለ ከትልልቆቹ ገበሬዎች በቀር ማንንም አልቀበልም" አሉ። የእማዬ ስድስት ዛፍ የሚለቀመው ደግሞ ቅዳሜ ነበር። እኔም በሰው ፊት "የእናቴ ቼሪ ካልገባ ጢሜን እላጫለሁ" ብዬ ፎከርኩ። ጢሜን ታውቂዋለሽ።

ኮምፒውተሩን የምትጠብቀው ዝላቶሚራ፣ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ፣ "ለምን ሁልጊዜ ከዜሮ እንጀምራለን? ድምሩን አንድ ቦታ እናስቀምጠው፤ ሳጥን ሲገባ ይደመር፣ ሲወጣ ይቀነስ" አለች። የሳጥኑ ምዝገባና የድምሩ ለውጥ በአንድ ትንፋሽ እንዲሆኑ አደረገች፤ ምዝገባው ከተሰረዘ ድምሩም ወደነበረበት ይመለሳል። መልሱ እንደ ጥይት ፈጠነ። ረቡዕ ግን ሳጥን የምንቀበልባቸው ሦስቱም በሮች ቀጥ አሉ።

የነገሩ ምክንያት እትዬ ሌንቼ ናቸው። በሁለተኛው በር ሚዛን ላይ የሚቀመጡትን ማለቴ ነው። እሳቸው ምዝገባውን ይከፍቱና ከየሳጥኑ አንድ ፍሬ ይቀምሳሉ፣ የአማቾችን ጤና ይጠይቃሉ፣ መጨረሻውን የሚጫኑት ከዚያ በኋላ ነው። እስከዚያ ድምሩ በእጃቸው ተይዟል፤ አንዱ የያዘውን ቁጥር ሌላው መንካት ስለማይችል ሁለቱ በሮች ቆመው የእሳቸውን ወሬ ይጠብቃሉ። ዝላቶሚራ "እትዬ፣ ወሬውን አስቀድመው ቢጨርሱስ?" ብትላቸው "ልጄ፣ የምቀበለው ሰው ነው እንጂ ድንጋይ አይደለም" አሉ። "ቅምሻውን እንኳ ቢተዉት" ስላቸው ደግሞ "አንተ ዝም በል፤ ፊደል ቆጥረህ ሳትጨርስ እኔን ልታስተምር ነው?" አሉኝ።

እትዬ ሌንቼ እንደማይለወጡ ገባንና ድምሩን ለወጥነው። አሁን ማንም በር ድምሩን አይነካም። እያንዳንዱ "ሦስት ጨምር"፣ "አንድ ቀንስ" የሚል የራሱን አጭር መስመር ብቻ ይጥላል፤ መስመር ከመስመር አይጋፋም። ኮምፒውተሩ በየጥቂት ደቂቃው የተጠራቀመውን ሰብስቦ ድምሩ ላይ ያክልና የሰበሰበውን መስመር ያጠፋል። ቦታ ሲጠየቅ ድምሩንና ገና ያልተሰበሰቡትን መስመሮች ብቻ አይቶ ይመልሳል። ሐሳቡ የዝላቶሚራ ነው። ያበረታታኋት ግን እኔ ነኝ፤ ያለ እኔ መቼ ይሆን ነበር።

ቅዳሜ ጋሽ ስታመን ክንዳቸውን አጣምረው ኮምፒውተሩ አጠገብ ቆሙ። እማዬ የደረሰችው፣ ምን ይደረግ፣ እትዬ ሌንቼ በር ላይ ነው። ከፈቱ፣ ቀመሱ፣ ስለ አንቺ ጠየቁ፣ ስለ ሲሜዮን ጠየቁ፣ "ዘንድሮም አይመጡም?" ብለው አዘኑ። እኔ ጢሜን ይዤ ቆሜያለሁ። በግራም በቀኝም ግን በሮቹ ሳጥን ይውጣሉ። ጋሽ ስታመን "ስንት ቦታ ቀረ?" አሉ፤ አፋቸውን ሳይዘጉ መልሱ መጣ። ያጣመሩትን ክንድ ፈቱና "ትንንሾቹም ይግቡ" አሉ። ዝላቶሚራ "ጢምህ ተረፈ" አለችኝ።

የቀረውን ቦታ ድሮ በጩኸት ነበር የምናገረው። ያን ቀን ጠመኔ አንሥቼ በሩ ሰሌዳ ላይ በጉልህ ጻፍኩት። እማዬ ባዶ ቅርጫቷን ይዛ ሰሌዳው ፊት ቆማ ቀረች። ከኋላዋ ላሉት "የልጄ ጽሕፈት ነው" ትላቸዋለች። "ምን ይላል ታዲያ?" ቢሏት "እሱን በመስከረም እነግራችኋለሁ" አለች። ፊደል አትለይምና እኔም በመስከረም ለሚከፈተው የማታ ትምህርት አስመዘገብኳት። ተፎካካሪ መጣብኝ ማለት ነው፤ ግን አልለቅላትም።

ለሲሜዮን ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ ከእኔ ጢም የሚበልጥ ስፔን ውስጥ አይቶ እንደሆነ ጠይቂልኝ። ሚርካን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ትንሹን ቦያንንም እቅፍ አድርጊልኝ። አማትሽንም፣ እንደ እትዬ ሌንቼ አድርጌ፣ ስለ ጤናቸው አጥብቄ ጠይቄያለሁ።

ወንድምሽ ራንገል
ኪዩስተንዲል፣ ጁን 18 ቀን 2023