ራሳቸውን ላወደሱት ከንቲባ

ውድ ከንቲባ ኤሊንግ፣

ከሞተ መቶ ዓመት ላለፈው ሰው ደብዳቤ መጻፌን ጓደኛዬ ሊዲያ ብትሰማ “አሁንስ ለየላት” ትላለች። ትበል። ከኮሎምቢያ ሃይትስ ማዶ ባለችው ትንሿ ከተማችን፣ ማዘጋጃ ቤቱ ኮሪደር ላይ ፎቶዎ ተሰቅሏል። ጢምዎ ደረትዎን ሸፍኖታል፤ ፊትዎ ደግሞ ወረፋ ያስጠበቁት ሰው ይመስላል፤ አይቀየሙኝ።

አይዳ እባላለሁ። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነርሲንግ አሲስታንት፣ ማለትም የነርስ ረዳት ነኝ። ዘንድሮ ለከተማው ምክር ቤት እየተወዳደርኩ ነው። ምክንያቴ አንድ ነው፤ አፓርታማችን ፊት ለፊት ያለው መሻገሪያ የትራፊክ መብራት የለውም። ባለፈው ዊንተር ጎረቤቴን ዙለይሃን እዚያው መኪና ገጫት፤ እስካሁን በክራንች ነው የምትሄደው። ምክር ቤቱን ስንለምን “እናያለን” ይሉናል። ማየቱንማ እኛም እያየን ነው።

ታሪክዎን ያነበብኩት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። በልጅነትዎ ከኖርዌይ መጥተው ለዱቄት ፋብሪካዎች በርሜል ይሠሩ ነበር። መጀመሪያ ሲወዳደሩ ተሸነፉ፤ በሁለተኛው አሸንፈው ድሆቹ ሰፈር ድረስ የውሃ ቧንቧ አስገቡ። በሦስተኛው ሀብታሞቹ ተባብረው ጣሉዎትና ወደ በርሜልዎ ተመለሱ። ይሄን ሁሉ ወደድኩልዎት። ያስደነገጠኝ በየስብሰባው ይሉት የነበረው ነው፦ “ለዚህ ሥራ ከእኔ የሚሻል ሰው የለም፤ ካለ ይነሳና ልየው!” እንዴ! ሰው አፉን ሞልቶ እንዲህ ይላል?

እኔን ያሳደገችኝ እማዬ ባየሽ ናት። እሷ ዘንድ ሰው ራሱን አያወድስም፤ ሰው ያወድሰዋል እንጂ። “ጎበዝ ነሽ” ብትባል እንኳ አንገቷን ደፍታ “ኧረ ምኑን” ነው የምትለው። ታዲያ በመጀመሪያው የተወዳዳሪዎች መድረክ ላይ “ለምን አንቺን እንምረጥ?” ብለው ሲጠይቁኝ ምን ብል ጥሩ ነው? “ከእኔ የተሻሉ ብዙ ሰዎች አሉ።” በጥሩ እንግሊዝኛ! ተቀናቃኜ ማይኩን ተቀብሎ ከልቡ አመሰገነኝ።

ሊዲያ መኪና ውስጥ ጮኸችብኝ። “አንቺ ሴትዮ፣ ካምፔይን የምታደርጊው ለሱ ነው እንዴ?”

“ይሉኝታ ይዞኝ ነው” አልኳት።

“ይሉኝታሽ ዙለይሃን አያሻግራትም!”

አፈርኩ። ተናደድኩም፤ እውነቷን ነዋ።

ትናንት ሁለተኛው መድረክ ነበር። ያው ጥያቄ መጣ። እማዬ ከፊት፣ ሊዲያ አጠገብ ተቀምጣለች፤ እንግሊዝኛ ባትሰማም ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። እሷ ፊት ራሴን ላወድስ? ከኋላ ደግሞ ዙለይሃ ክራንቿን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ትጠብቀኛለች።

“ለዚህ ወንበር ከእኔ የሚሻል ሰው የለም” አልኩ። “ያንን መንገድ በየቀኑ የምሻገረው እኔ ነኝ። መብራቱ እስኪተከል አርፌ አልቀመጥም።”

አዳራሹ አጨበጨበ። እማዬን ቀና ብዬ ለማየት ፈራሁ።

ስንወጣ ሊዲያን ጠየቀቻት። “ምን ብላ ነው እንዲህ ያጨበጨቡላት?”

ሊዲያ በጎን እያየችኝ “‘ከእኔ የሚሻል የለም’ ብላ ነው” አለቻት።

እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች።

“ታዲያ ይህን ለማለት እስከዛሬ ምን አስቆያት?”

ነፍስዎን ይማር። እኔ ማክሰኞ ምርጫ አለብኝ።

አይዳ፣ የባየሽ ልጅ