ድምፅ በብርድ ይዘገያል

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ያ ጉልበትዎ በዚህ ብርድ እንዴት አደረገዎት? ላሚቱስ ወለደች? እኔና የልጅ ልጅዎ ታያ በሕይወት አለን። ደህና ነን ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። የመንደሩ ምክር ቤት ሊቀ መንበር የአርሴኒን ፎቶግራፍ ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ አውርዶ፣ «ልጅሽ ትእዛዝ ጥሶ የመንግሥት አውሮፕላን አጠፋ» እንዳለዎት ጽፈውልኛል። «እውነት ነው ወይ? አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ አትደብቂኝ» ብለዋል። ይህችን መስመር ሳነብ ከባሌ የቀብር ቀን የባሰ አለቀስኩ። መልሱን በፖስታ መላክ አልችልም። ይዛልዎት የመጣችው ግላፊራ የሥራ ጓደኛዬ ናት፤ እንደ እኔ ይመኗት።

እማማ፣ ልጅዎ ትእዛዝ አልጣሰም።

ሥራዬን ነግሬዎት አላውቅም፤ ክልክል ነበር። አሁን ክልክል የሚባል ነገር አልቀረኝም። የአውሮፕላንን ፍጥነት ለድምፅ ፍጥነት ማካፈል ነው ሥራዬ። ከወንዙ ማዶ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ሲያዩ፣ መጥረቢያው ካረፈ በኋላ ነው ድምፁ ጆሮዎ የሚደርሰው፤ አይደል? ድምፅም እንደ መንገደኛ የራሱ ፍጥነት አለው። አዲሶቹ አውሮፕላኖች ወደዚያ ፍጥነት ሲጠጉ አየሩ ይጠጥርባቸዋል፤ አፍንጫቸው ወደ ምድር ይደፋል፣ መሪያቸውም አልታዘዝ ይላል። የአርሴኒ አውሮፕላን ከድምፅ ፍጥነት ከመቶ ዘጠና ሦስት እጁን ማለፍ አልነበረበትም።

ድምፅ ግን በብርድ ይዘገያል። ትእዛዙን የጻፉት አለቃ የሰማዩን ብርድ ከሠንጠረዥ ወሰዱ፤ ከዜሮ በታች ሃምሳ ዲግሪ። በዚያ ሂሳብ «በሰዓት ከሺህ ኪሎ ሜትር አትለፍ» አሉት። የዚያን ዕለት ብርዱን የለካው ፊኛ ያመጣው ቁጥር እኔ ጠረጴዛ ላይ የደረሰው አርሴኒ ከተነሣ በኋላ ነው። ከዜሮ በታች ስልሳ አምስት ይላል። አካፈልኩ። ሺሁ ከመቶ ዘጠና ስድስት ሆነ። ተሳሳትኩ ብዬ ደግሜ አካፈልኩ።

ስልክ አነሣሁ። «አለቃው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ትንሽ ጠብቂ» አለችኝ ጸሐፊዋ። «ሰው አየር ላይ ነው!» ብዬ ጮህኩባት። «ሁልጊዜም ሰው አየር ላይ ነው፣ እህቴ» አለችኝ። ካፖርቴን እንኳ ሳልደርብ በበረዶው ውስጥ ወደ ሬዲዮ ክፍሉ ሮጥኩ። በሩን ስከፍት የአርሴኒን ድምፅ ሰማሁ። «ሺህ ላይ ነኝ» አለ፣ በእርጋታ፣ ወጥ እንደሚያስጨልፍ ሰው። ማይክሮፎኑን ለመንጠቅ ዘለልኩ። «መሪው ድንጋይ ሆነብኝ» አለ። ከዚያ በኋላ ሬዲዮው ዝም አለ።

አንዲት ኪሎ ሜትር አልጨመረም፣ እማማ። ድምፁ ነው ወደ እሱ የቀረበው።

አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ሰብሳቢው ኮሎኔል ዙባሬቭ ይባላል። ዘጠና ስድስት የሚለውን ብቻ ይዞ፣ አብራሪው በእብሪት ገደቡን አለፈ የሚል ወረቀት አቀረበልኝ። ትእዛዙን የጻፉት ሰው ወንበራቸው ከፍ ያለ ነው፤ ጥፋቱ በሞተ ሰው ላይ ቢላከክ ቀላል ነው። አልፈርምም አልኩት። ክፉ ሰው አይመስልም፤ እንዲያውም ሻይ ቀድቶልኛል። «ስሚኝ የኔ ልጅ» አለኝ፣ «ሙት አይታሰርም። ሕያው ነው የሚታሰረው። ልጅ አለሽ አይደል?» እኔም ከወረቀቱ ግርጌ ሂሳቡን በሙሉ ጻፍኩለት፤ ሺሁን፣ ስልሳ አምስቱን፣ ሠንጠረዡን፣ የአለቃውንም ስም። ስጨርስ ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር። «ምን አደረግሽ፣ አንቺ ሴትዮ!» አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ከዚያ ወዲህ መግቢያ ፈቃዴን ወሰዱብኝ። ጎረቤቶቼ ሲያዩኝ መንገድ ይሻገራሉ። ከግቢያችን በር ፊት ለፊት አንድ መኪና ይቆማል፤ ሞተሩን አያጠፋም። የሱፍ ካልሲዬንና ሳሙናዬን በአንድ ጥቅል አስሬ ከበሩ ሥር አስቀምጫለሁ። አዝናለሁ እንጂ አልጸጸትም። አንዳንዴ ግን ታያን ሳያት፣ እሱ እኮ ከእንግዲህ አይሰማም፣ ለማን ብዬ ነው እላለሁ፤ ያን ጊዜ የእርስዎ ጥያቄ ትዝ ይለኛል።

ታያን ከግላፊራ ጋር ልኬልዎታለሁ። ማን ናት ቢሉዎት የእህትዎ የልጅ ልጅ ናት ይበሉ። የአባቷን ስም ቤት ውስጥ ብቻ ይጥሩላት። ሽንኩርት አትወድም፤ ግድ የለም፣ ትልመደው። እኔ እስክጽፍ አይጻፉልኝ፤ ብቆይም አይጠይቁ።

እኔ መጸለይ አልተማርኩም፤ እርስዎ ያውቁበታል። እርስዎ የሚያምኑት አምላክ ጉልበትዎን ያጽናልዎት፣ ምድጃዎን አያጥፋው፣ እሷን ለማሳደግ ዕድሜ ይስጥዎት።

የክረምት ጫማዋን አስበልጬ ነው የገዛሁት። ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቄበታለሁ፤ እግሯ ባደገ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እያወጡ ያድርጉላት። ለብዙ ክረምት ይበቃታል።

ምራትዎ፣ ልጅዎ